በከበሮው ላይ ያለው ቁጥር

አሮጌ ሽጉጥ እውነቱን የሚናገረው በብረቱ ነው፤ በባለቤቱ አፍ አይደለም። ባለቤቱ ይዋሻል፣ ወይም አባቱ የዋሹትን ይደግማል። «አባቴ ከጣሊያን ሻለቃ የማረከው ነው» ይላል፤ ብረቱን በላምባ ጠርጌ ሳየው እንግሊዝ ሠራሽ ሆኖ አገኘዋለሁ። እንዲህ ያለውን ሰው ብዙ ጊዜ በሰው ፊት አሳፍሬአለሁ። የተናገርኩት እውነት ነበር። ማሳፈሩም ደስ ይለኝ እንደነበር ግን በዚህ ዕድሜዬ ብደብቅ ምን ይጠቅመኛል?

የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። ጉለሌ፣ ወደ ቁስቋም በሚያወጣው መንገድ ዳር፣ በአንዲት የቆርቆሮ ሱቅ ውስጥ ቁልፍ፣ የላምባ ምድጃና የስፌት መኪና እጠግን ነበር። የፈረንጅ ፊደል የለየሁት ከስፌት መኪና ወገብ ላይ ነው። በአሮጌ ብረት ላይ የተመታ ጽሑፍ ለማንበብ የራሴ ዘዴ ነበረኝ። ቅባቱን በላምባ አጥባለሁ፣ ጠመኔ እፈገፍግበታለሁ፣ ከዚያ በአውራ ጣቴ አንድ ጊዜ ብቻ እጠርገዋለሁ። ከላይ ያለው ጠመኔ ሲሄድ ጎድጓዳው ውስጥ የገባው ይቀራል፤ ፊደሉም ነጭ ሆኖ ብቅ ይላል። ሁለት ጊዜ ከጠረጉት ግን ይጠፋል።

በደርግ ጊዜ በየቀበሌው የጦር መሣሪያ ይመዝገብ ሲባል ይህ ዘዴዬ ወንበር አስገኘልኝ። ፎርሙ የመሣሪያውን ዓይነት፣ የተሠራበትን አገርና ቁጥሩን ይጠይቃል። የአብዮት ጥበቃ ልጆች አዲሱን መሣሪያ ያውቁታል፤ በጠላት ወረራ ዘመን ከጣሊያንና ከእንግሊዝ ጦር ጋር የገባውን ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ ግን አገላብጠው አይተው መልሰው ያስቀምጡታል። ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት በቀበሌው አዳራሽ፣ ከመዝጋቢዋ ጠረጴዛ አጠገብ፣ አንድ ወንበር ተሰጠኝ። ደመወዝ የለውም። ሰው ግን «ጋሼ፣ እስቲ ይቺን ይዩልኝ» እያለ ይሰለፍልኝ ነበር። መዝጋቢዋ ደግሞ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ ሥራ የምትጠብቅ የገዛ ልጄ ነበረች። የእጅ ጽሑፏ አምሮአቸው የቀበሌው ሰዎች መረጧት። እኔ እጠራለሁ፣ እሷ ትጽፋለች። ከዚያ የበለጠ ክብር በሕይወቴ አላገኘሁም።

ሸጎሌ ገበያ ከብት የሚነግድ አንድ ጎረቤታችን ሽጉጡን ሲያቀርብ ጎኑ ላይ አዲስ የሞረድ ጭረት አየሁ።

«እዚህ ምን ነበር?» አልኩት።

«ምንም።»

«ሞርደኸዋል።»

ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። «ጋሼ፣ ዘውድ ነበረበት። የንጉሥ ሰው ነው ቢሉኝስ?»

ዘውዱ የእንግሊዝ ነው። ብረቱ ተፈትሾ ማለፉን የፋብሪካው መርማሪ የሚመታበት ማኅተም ነው። ሰውየው ግን የእኛን ንጉሥ ሲፈራ የሰው አገር ንጉሥ ሞረደ። ልጄ ሳቋን ውጣ «በጎኑ ጭረት አለበት» ብላ መዘገበች። እኔም ተሰላፊው ሁሉ እየሰማ ስለ ዘውዱ ትምህርት ሰጠሁ። እንደዚያ ያሉት ቅዳሜዎች ባያልፉ እወድ ነበር።

ከዚያ ያ ሰው መጣ። ከሠላሳ አምስት ዓመት የማይበልጥ፣ በምሥራቅ ግንባር እግሩን ቆስሎ የተሰናበተ፣ ከዚያ በፊት በጦሩ መሣሪያ ግምጃ ቤት ያገለገለ ወታደር ነበር። ከእኛ ሦስተኛው ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራየ። ቅዳሜ አዳራሹ የመጣው ሊያስመዘግብ አልነበረም፤ ሊያይ ነው። ደብተር ይዟል። ስስ ወረቀት ብረቱ ላይ ያስቀምጥና እርሳስ ሲያሽበት ምልክቱ እንዳለ ወረቀቱ ላይ ይወጣል። የእኔ ጠመኔ እፍ ሲሉት ይጠፋል፤ የእሱ ወረቀት ይቀመጣል። ይህንን ወዲያው አየሁ፣ ጠመኔዬን ኪሴ ከተትኩ።

«በውጭ አገር እንዲህ ያለውን ሽጉጥ እንደ ቴምብር የሚሰበስቡ ሰዎች አሉ ጋሼ» አለኝ አጠገቤ ቆሞ። «የክፍሎቹ ሁሉ ቁጥር አንድ ዓይነት የሆነውን በእጥፍ ይገዙታል።»

«እኛ እዚህ ቴምብር አንሰበስብም» አልኩት።

እሱ ፈገግ አለ። አለመቆጣቱ ይበልጥ አናደደኝ።

በሦስተኛው ቅዳሜ አንድ የእንግሊዝ ሽጉጥ ቀረበልኝ። በጎኑ ላይ ለዓመታት «ኮከብ» ስለው የኖርኩት ምልክት አለ። ለሰው ሁሉ የነገርኩትን ደገምኩ፤ «ኮከብ ያለበት አንደኛ ደረጃ ብረት ነው» አልኩ።

ያ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ኮከብ አይደለም» አለ። «ሁለት የዶሮ እግር ነው፤ ጫፍ ለጫፍ የተጋጠመ። አንዱ ብቻ ሲሆን የእንግሊዝ መንግሥት ንብረት ማለት ነው። መንግሥቱ ሲሸጠው ሁለተኛውን ፊት ለፊቱ ይመታበታል። ከዚያ በኋላ የገዛው ሰው ንብረት ነው።»

ጠመኔዬን አድርጌ አየሁት። ሁለት የዶሮ እግር ነው።

ከሰልፉ መሐል ከብት ነጋዴው ጮኸ፦ «እንዴ ጋሼ! ይህን ሁሉ ዓመት በዶሮ እግር ኮከብ ሲቆጥሩልን ኖረዋል?»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሌላው ይሳቅ። ልጄም ግን በነጠላዋ አፏን ሸፍና ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ያን ቀን ምሳ አልበላሁም።

ከዚያ ወዲያ ለእሱም ወንበር ተሰጠው። ሰው ወደ እሱ ዞረ። ሱቄ መንገድ ዳር በመሆኗ ቅዳሜ እስኪደርስ ያላስቻለው ሁሉ ጋቢው ሥር የጠቀለለውን ይዞ በፊቴ ያልፍና ሦስተኛው ግቢ ይገባል። እኔ የምድጃ ክር እየቀየርኩ እቆጥራቸው ነበር። ሲያልፉ ሰላምታ ይሰጡኛል። ሰላምታቸው አጠረ ብዬ እቆጣለሁ፤ ሲያስረዝሙት ደግሞ ሊያጽናኑኝ ነው ብዬ እቆጣለሁ።

«ሰውየው ጨዋ ነው፤ ምን በደለህ?» አለችኝ ባለቤቴ።

«ማን በደለኝ አለሽ?»

«ፊትህ ነዋ። ሰው ሲያርምህ ክረምት ትሆናለህ።»

ይባስ ብሎ ልጄ የሰውየውን ደብተር በንጹሕ ጽሕፈቷ መገልበጥ ጀመረች። የምትገለብጠው በቀን፣ በአዳራሹ ውስጥ፣ ሰው ሁሉ እያየ ነው። እኔ ግን ከለከልኳት። «ሚስት ከሌለው ወንድ ጋር ደብተር መለዋወጥ ለጨዋ ልጅ አይገባም» አልኳት። ቃሉ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ የተናገርኩበት ምክንያት ግን እሱ አልነበረም። እኔ በጣቴ አፈር ላይ ጽፌ ሀሁ ያስቆጠርኳት ልጅ የሌላ ሰው እውቀት ስትጽፍ ማየት ስላልቻልኩ ነው። ሥነ ምግባርን ለቅናት መሸፈኛ የሚያደርግ አባት ከሌባ አይሻልም። ሌባ ቢያንስ የሚወስደውን ያውቃል።

ሰው «ምቀኛ አታሳጣኝ» ብሎ ሲጸልይ እሰማለሁ። ሁሉም ራሱን የሚያስቀምጠው ከሚቀናበት ወገን ነው። «እኔን ምቀኛ አታድርገኝ» ብሎ የሚጸልይ እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም፤ እኔም አልጸለይኩም።

ከቁስቋም በላይ፣ ባሕር ዛፉ ከሚጀምርበት ዳር፣ አንዲት ባልቴት ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ባላቸው የእንጦጦ ደን ጠባቂ ነበሩ፤ ሲሞቱ አንድ የእንግሊዝ ስድስት ጎራሽ ትተውላቸዋል። አንድ ቅዳሜ አዳራሹ ሲሞላ መጡ። ሰው ሁሉ በወታደሩ ፊት ተሰልፏል። እሳቸው ቀጥ ብለው ወደ እኔ መጡና ሽጉጡን ከመቀነታቸው ፈተው አስቀመጡት።

«አንተው እይልኝ፤ እኔ የማውቀው አንተን ነው።»

«ምን ያደርግልዎታል እትዬ? ይተኩሱበታል?»

«ምን ቆርጦኝ! ሌባው ግን እንዳለኝ ያውቃል። ይህ ባይኖር በሬን ዘግቼ የማድር ይመስልሃል?»

ደስ አለኝ። ፍጥነቴን ለአዳራሹ ለማሳየት ቸኮልኩ። ጥይት የሚጎርሰው ተሽከርካሪ ክፍል፣ እኛ ከበሮ የምንለው፣ ንጹሕ ነበር። ጠመኔ አደረግሁበት፤ ቁጥሩ ጥርት ብሎ ወጣ። ጮክ ብዬ ጠራሁት። ልጄ ጻፈችው።

ወታደሩ ከወንበሩ ዘንበል ብሎ በጆሮዬ አንሾካሾከ፦ «ጋሼ፣ እሱ የከበሮው ቁጥር ነው። ከበሮው በጥገና ጊዜ የተቀየረ ይመስለኛል። ዋናው ቁጥር ገላው ላይ ነው፤ ዝገቱ ሥር አለ። እሱ ነው መመዝገብ ያለበት።»

ከእኔና ከልጄ በቀር ማንም እንዳይሰማ ተጠንቅቆ ነው የተናገረው። ወደ ዝገቱ ሳይ የአንድ አኃዝ ጠርዝ ብልጭ አለልኝ። እውነቱን እንደሆነ አወቅሁ። ያወቅሁት ከእሱ አፍ ስለሆነ ግን አልፈለግሁትም።

«ቁጥር ቁጥር ነው! ቀጣይ!» አልኩ።

ልጄ ብዕሯን አንሥታ አየችኝ። ከዚያ ገጹን ገለበጠች።

ወራት አለፉ። ልጄ በአንድ ፋብሪካ ጽሕፈት ቤት ሥራ ያዘች። አንድ ቅዳሜ፣ ከቀበሌ በላይ ካለውና «ከፍተኛ» ከምንለው ጽሕፈት ቤት አጣሪዎች መጥተው የተመዘገበውን መሣሪያ ሁሉ ከፎርሙ ጋር ያመሳክሩ ጀመር። የባልቴቷን ሽጉጥ ዝገት ፋቁት። በገላው ላይ የወጣው ቁጥር ከፎርሙ ጋር አልገጠመም። «የተመዘገበውን ለፀረ አብዮት ሰጥተሽ ሌላ አቀረብሽ» ተባሉና በቀበሌው ዕቃ ቤት ተቆለፈባቸው። የዚያን ዘመን ሰው ይህ ቃል ወዴት እንደሚያደርስ ያውቃል፤ ለማያውቀውም ባልነግረው ይሻላል።

ፎርሙ ላይ ማን እንዳነበበ አልተጻፈም። ሰው ሁሉ ግን የወራቱን ነገር ረስቶ ወታደሩ ነው አለ፤ ብዙውን የሚያነበው እሱ ነበርና። ባልቴቷም ያን ቀን ወደ እኔ ዘንበል ብሎ ሲያንሾካሹክ ስላዩ፣ የተጻፈውን ቁጥር የነገረኝ እሱ መስሏቸው ነበር። ጠርተው ጠየቁት። «የተጻፈው የከበሮው ቁጥር ነው፤ ከበሮውን እዩት» አላቸው። «ራስህን ለማዳን ነው» አሉት። «ታዲያ ማን አነበበው?» ሲሉት «አላስታውስም» አለ። ከጠረጴዛው አነሡት፤ ጠዋትና ማታ ቀበሌ እየቀረበ እንዲፈርም አዘዙት። ተጠርጣሪ ስለሆነ የሚያምነው አልነበረም። «እኔ ነኝ ያነበብኩት» የሚል ሌላ ሰው ቢመጣ ግን ነገሩ ያበቃ ነበር። ያ «ሌላ ሰው» ሱቄ ውስጥ ተቀምጦ ካቻቪቴ ይስል ነበር።

ዝም ያልኩት ፈርቼ ነው ብል ታምኑኝ ነበር። ፍርሃትም ነበረበት። ዋናው ግን እሱ አልነበረም። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ሱቄ ደጃፍ ላይ አምስት ሰው ቆሞ ነበር።

«ጋሼ፣ እርስዎ አይተዋት ቢሆን ኖሮ ይህ አይደርስም ነበር» አለ አንዱ።

ከብት ነጋዴውም «እኔማ መጀመሪያም ጋሼ ይሻላል ብዬ ነበር» አለ፤ ያ ኮከብ ቆጠሩልን ያለኝ!

ጣፈጠኝ። ይህችን ቃል ለመጻፍ ብዙ ዓመት ፈጅቶብኛል። አንዲት ባልቴት ዕቃ ቤት ተቆልፎባቸው፣ እኔን ጣፈጠኝ።

እሑድ ባለቤቴ ምግብ ወስዳላቸው ተመለሰች። «አልበሉም» አለች። «በሬን ማን ይዘጋዋል፣ በሬን ማን ይዘጋዋል ነው የሚሉት።»

ምሳ ቀርቦ ነበር። ልጄ እጇን ታጥባ ተቀመጠች እንጂ አልቆረሰችም።

«አባባ፣ ያንን ቁጥር የጠሩት እርስዎ ነዎት።»

«ብዪ ምግብሽን።»

«ወታደሩ በጆሮዎ ሲነግሩዎትም ሰምቻለሁ።»

ብድግ አልኩ። «ምን አቀመሰሽ ያ ሰው?»

ባለቤቴ ሳታየኝ «እሷንስ ተዋት፤ አንተን ማን ምን አቅምሶህ ነው?» አለች።

ልጄ አላለቀሰችም፣ ድምፅዋንም ከፍ አላደረገችም። «ነገ ሥራ ከመግባቴ በፊት ቀበሌ እሄዳለሁ» አለች። «እርስዎ ቀድመው ቢገኙ ግን ደስ ይለኛል።»

ከዚያ በፊት ልጆቼን «እውነት ተናግራችሁ ውደቁ» እያልኩ በቀበቶ ሳይቀር አስተምሬአለሁ። ትምህርቴ ተመልሶ ከማዕዴ ላይ ሲቀመጥ ፊቱን ማየት አቃተኝ።

ሰኞ በሩ ሲከፈት ቀበሌው ደጃፍ ላይ ነበርኩ። ሊቀመንበሩ በዕድሜ ልጄ ይሆናል።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ የባልቴቷን ሽጉጥ ያነበብኩት እኔ ነኝ። ከከበሮው ላይ ነው ያነበብኩት። ወታደሩ ስህተት ነው ብሎ ነግሮኝ አልሰማሁትም።»

«ቅዳሜ ይህ ሁሉ ሲሆን የት ነበሩ?»

«ሱቄ።»

«አልሰሙም?»

«ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«ቀንቼበት ነው።»

በር ላይ የቆመው ጥበቃ ዞር አለ። «በሚስት?»

«በንባቡ» አልኩ።

ጥበቃው መሣሪያውን ተደግፎ ሳቀ። ሊቀመንበሩ አልሳቀም፤ ብዕሩን አንሥቶ እንደገና አስቀመጠው። «ይህንን ቃለ ጉባዔ ላይ ምን ብዬ ልጻፈው?»

«እንዳልኩት ይጻፉት።»

ችግሩ፣ ሽጉጡ ያን ዕለት ማለዳ ከሌሎች ጋር ወደ ከፍተኛ ተልኳል። ሊቀመንበሩ ደብዳቤ ጻፈልኝና «ወታደሩንም ይዘው ይሂዱ፤ ሁለታችሁም አሳዩአቸው» አለኝ። በሩን ማንኳኳት ግድ ሆነ። ሻይ እየጠጣ ነበር፤ ሲያየኝ ተነሣ። ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ነገርኩት።

«አውቃለሁ ጋሼ» አለ።

«ካወቅህ ለምን ስሜን አልጠራህም?»

«ጸሐፊዋ ልጅዎ ናት። የእርስዎ ስም ከተነሣ እሷንም ይጠሯታል ብዬ ፈራሁ። በዚህ ጊዜ ሴት ልጅ ለጥያቄ ስትጠራ...» አልጨረሰውም።

እኔ ለልጄ አልፈራሁላትም። እሱ ፈራላት። አመሰገንኩት ወይም ወደድኩት ብል ውሸት ነው፤ ያን ሰዓት ከመቼውም የበለጠ ቀናሁበት። በንባብ ብቻ የሚበልጠኝ መስሎኝ ነበር።

በከፍተኛ ግምጃ ቤት ሽጉጡን አወጡልን። ጠመኔዬን ከበሮው ላይ ፈገፈግሁ። ቸኩዬ ሁለት ጊዜ ጠረግሁት፤ ምንም አልወጣም። ወታደሩ ጠመኔውን ከእጄ ወሰደ፣ ፈገፈገው፣ አንድ ጊዜ ብቻ ጠረገ። ቁጥሩ ነጭ ሆኖ ወጣ። ኃላፊው ከፎርሙ ጋር አስተያየው፤ ገጠመ። ባልቴቷ እንዲፈቱ ወረቀት ጻፈ።

«ሽጉጡስ?» አልኩ።

«ግምጃ ቤት የገባ ተመልሶ አይወጣም» አለ። «ትናንት ቢሆን ኖሮ ገና ቀበሌያችሁ ነበር፤ ሊቀመንበራችሁ ራሱ አስተካክሎ ይመልስላቸው ነበር።»

ባልቴቷ ከሰዓት በኋላ ወጡ። ሌላ ሰው ቀድሞ እንዳይነግራቸው በር ላይ ጠብቄ፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ ራሴ ነገርኳቸው። የሽጉጡንም ነገር ጨመርኩ።

«ሁለት ቀን?» አሉ።

«ሁለት ቀን።»

«እኔ ደግሞ ሁለት ቀን ሙሉ ያንን ምስኪን ልጅ ስረግም ሰነበትኩ! አሁን ያን ሁሉ እርግማን ወስጄ ማን ላይ ላፍስሰው?»

ነጠላቸውን አጣፍተው አቀበቱን ያዙ።

ሁለት ሳምንት ሌላ ሥራ ሳልቀበል ለበራቸው ቁልፍ ሠራሁ። ብረቱን ከመኪና ስፕሪንግ ቆርጬ፣ ሞርጄ፣ በሽጉጥ ፋንታ የሚያስተኛ ነገር ይሁን ብዬ ደከምኩበት። ተሸክሜ ወጣሁ። ባልቴቷ በእጃቸው መዘኑት፣ መክፈቻውን አንድ ሁለቴ አዞሩት።

«ከባድ ነው» አሉ።

«ጠንካራ ነው እትዬ። በእጄ ነው የሠራሁት።»

«እሱ አይቶታል?»

«ማን?»

«ማን ይሆናል? ወታደሩ ነዋ። አሳየውና አምጣው።»

ቁልፍ የእኔ ሙያ ነው፤ እሱ ስለ ቁልፍ ምን ያውቃል? አንዴ ዞር ብዬ ተመልሼ «አይቶታል» ብላቸው ማን ይጠይቀኝ ነበር? ይህንን እያሰብኩ አቀበቱን ወረድኩ። ሦስተኛው ግቢ ስደርስ የታመመ እግሩን ዘርግቶ በሩ ላይ ፀሐይ ይሞቅ ነበር።

«ይህን እይልኝ» አልኩት። ቁልፉን ዘረጋሁለት።

ተቀበለኝ፣ መክፈቻውን አዞረ፣ በጣቱ ምላሱን ለካው። ቶሎ ባመሰገነኝና በተገላገልኩ ብዬ ቆምኩ።

«ምላሱ ትንሽ አጥሯል ጋሼ» አለኝ ቀስ ብሎ። «በሩን በደንብ ቢገፉት ይወልቃል።»

ከእጁ ነጥቄ አየሁት። አጥሯል። ወደ ሱቄ ይዤው ሄድኩና ሌላ ምላስ መቁረጥ ጀመርኩ።